አንድ ቁልፍ ብቻ ይዛችሁ ከሆነ

የመኪናዬ ቁልፍ የጠፋው ዶፍ በጣለበት ሐሙስ ምሽት ነው። ከሥራ ወጥቼ ወደ ቆመችበት ስጠጋ በሩ አልከፈት አለ። ኪሴን ዳበስኩ፤ ቦርሳዬን ገለበጥኩ፤ የመጣሁበትን መንገድ በስልክ መብራት እያየሁ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። የለም። መለዋወጫ ቁልፍ ደግሞ አልነበረኝም። መኪናዋን ከሌላ ሰው ስገዛ የተረከብኩት አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ሻጩ «ሁለተኛው የት እንደገባ እንጃ» ሲለኝ ሰምቼ አለፍኩት። ቁልፍ ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ በፈለግኩት ቀን ይቀረጻል ብዬ ነበር የማስበው።

የደወልኩለት ቁልፍ ሠሪ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ የመኪናዋን ዓይነትና የተሠራችበትን ዘመን ነው። ቀጥለው «በቁልፍ አዙረሽ ነው የምታስነሺው ወይስ በአዝራር?» አሉኝ። በአዝራር አልኳቸው። «ሌላ ቁልፍ አለ?» የለም። «አንድም?» አንድም የለም፣ ጋሼ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ አንድ ቁልፍ በእጅሽ ቢኖር ነገ ጠዋት በግማሽ ሰዓት እጨርስልሽ ነበር። አሁን ግን መኪናዋ የምታውቀው ቁልፍ የለም» አሉኝ።

መኪናዋ እዚያው ቦታ አምስት ቀን ቆመች። ሙያዬ አይደለም፤ ነገር ግን እስካሁን ሦስት መኪና ነድቻለሁ፣ የሦስቱም ቁልፍ የተለያየ ነበር፣ በሦስቱም አንድ አንድ ነገር ደርሶብኛል። የደረሰብኝንና ከዚያ ወዲህ ጠይቄ የተረዳሁትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዋ መኪናዬ አሮጌ ነበረች፤ ቁልፏም ብረት ብቻ። እንዲህ ያለውን ቁልፍ ማስቀረጽ ቀላል ነው። ሠሪው አሮጌውን በማሽኑ አንድ በኩል፣ ያልተቀረጸውን በሌላ በኩል ያስርና የአሮጌውን ጥርስ እየተከተለ ይቀርጻል። ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ማሽኑ ግን የሚገለብጠው ፊቱ ያለውን ነው። ቁልፉ ዓመታት አገልግሎ ጥርሱ ተበልቶ ከሆነ ቅጂው መበላቱንም ይወርሳል። እኔ የቅጂ ቅጂ አስቀርጬ በሩን የሚከፍት፣ ማስነሻው ላይ ግን የሚያንገራግር ቁልፍ ይዤ አንድ ዓመት ሙሉ ታግያለሁ። ከዚህ የሚያድነው በኮድ ማስቀረጽ ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ሲሸጡ ከቁልፎቹ ጋር ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ምልክት ይሰጣል። ቁጥሩ ጥርሱ መጀመሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቅርጽ ይነግራል፤ ሠሪው ያንን ቁጥር ካገኘ የተበላውን ቁልፍ ማየት ሳያስፈልገው አዲስ እንደሆነ ሁሉ ይቀርጸዋል። ምልክቱ ካላችሁ ፎቶ አንሱትና ከመኪናው ውጪ አስቀምጡት። ቁጥሩን ያገኘ ሰው ቁልፉን እንዳገኘ ነው።

ጥርሱ ጠርዙ ላይ ሳይሆን በጎኑ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቦይ የሆነ ቁልፍም አለ። ብዙ ሰው የሌዘር ቁልፍ ይለዋል፤ ቦዩን የሚያወጣው ግን ሌዘር ሳይሆን እንደ መሰርሰሪያ የሚሽከረከር ስለት ነው። ለዚህ የተለየ ማሽን ስለሚያስፈልግ የተራውን ቁልፍ የሚቀርጽ ሁሉ አይቀርጸውም፤ ሳትሄዱ ደውላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛዋ መኪናዬ ላይ የደረሰው ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የቁልፏ ራስ ጥቁር ፕላስቲክ ነበር፤ በር የሚከፍቱና የሚዘጉ ሁለት አዝራሮችም ነበሩት። ፕላስቲኩ ተሰንጥቆ፣ የአዝራሮቹም ጎማ ተቀዶ ስለነበር ባዶ ቀፎ ገዛሁ። ማታ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ አሮጌውን በካቻቢቴ ፈለቀቅኩ፤ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱን ከነባትሪው ወደ አዲሱ አዛወርኩ፤ ብረቱንም አዛወርኩ። በደንብ ገጠመ። አዝራሩን ስጫን ፍሬቻው ብልጭ አለ፣ በሩ ተከፈተ። የተሰነጠቀውን ቀፎ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩትና ተኛሁ።

ጠዋት ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው ዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላው ጠፋ። ደገምኩት፤ እንደዚያው። ነዳጅ መሰለኝ፤ ባትሪ መሰለኝ። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምስል ያላት ትንሽ መብራት በፍጥነት ብልጭ ድርግም ትል ነበር፤ አየኋት፣ ትርጉሟን ግን አላወቅኩም። መካኒኩ መጥቶ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ቁልፉን በቅርቡ ነክተሽዋል?» አለኝ። የሆነውን ነገርኩት። «ቺፑስ?» አለ። ቆሻሻው ጠዋት በማለዳ ተነስቶ ሄዷል።

ቺፑ ማለት ከሩዝ ፍሬ ትንሽ የምትበልጥ የመስታወት ቱቦ፣ አለዚያም ጥፍር የምታህል ጥቁር ቁራጭ ነው። ባትሪ የለውም። በብዙ ቁልፎች ከቦርዱ ጋር አይያያዝም፤ ቀፎው ውስጥ ለብቻው በተሠራለት ጉድጓድ ተሸጉጦ ወይም ተለጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ቦርዱን ያዛወረ ሰው ሁሉንም ያዛወረ ይመስለዋል። ቀፎ ልትቀይሩ ስትሉ አሮጌውን አንድ ሳምንት አትጣሉት። ሞተሩ መነሳቱን አረጋግጡ፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግማችሁ። በአንዳንድ ቁልፎች ቺፑ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ችግሩ አይገጥማችሁም፤ የእናንተው የትኛው እንደሆነ የምታውቁት ግን ከፍታችሁ ስታዩት ነው።

አሠራሩን መረዳት ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራል። ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ የሽቦ ቀለበት አለ። ቁልፉን ስታዞሩ ቀለበቱ በአብዛኛው በ125 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ደካማ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ቺፑ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያው መስክ ስለሆነ ባትሪ አያስፈልገውም። ኃይል እንዳገኘ ማንነቱን ይናገራል። የቀደሙት ቺፖች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ነበር የሚናገሩት። በኋላ የመጡት ግን መኪናው በየጊዜው የተለየ ጥያቄ ይጠይቃቸዋል፤ እነሱም በውስጣቸው ባለ ምስጢር አስልተው ይመልሳሉ። መልሱ ትክክል ከሆነ የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅና ብልጭታ ይፈቅዳል፤ ካልሆነ ይከለክላል። ኢሞቢላይዘር የሚባለው ይህ ነው። ብረቱ በትክክል ቢቀረጽም ሞተሩ የማይነሳው ለዚህ ነው፤ ብረቱ መሪውን ያስለቅቃል፣ ማስነሻውን ያዞራል፣ ፈቃድ የሚሰጠው ግን ቺፑ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1986 በኮርቬት መኪናው ላይ ያወጣው ቁልፍ ብረቱ ላይ ሬዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በተወሰነ መጠን የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ ተቀብሮበት ነበር። መኪናው የሬዚስተሩን መጠን ለክቶ ካልተስማማው አይነሳም። የመጠኖቹ ዓይነት 15 ብቻ ስለነበር የቆረጠ ሌባ ሁሉንም ሊሞክር ይችላል። የሬዲዮ ቺፕ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1998 ጀምሮ ለሽያጭ የሚቀርብ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ኢሞቢላይዘር እንዲኖረው ግዴታ ሆነ፤ አውስትራሊያ በ2001፣ ካናዳ በ2007 ተከተሉ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የተሠራ መኪና ካላችሁ ቁልፉ ተራ ብረት ቢመስልም ቺፕ ይኖረዋል ብላችሁ ተነሱ። ለማረጋገጥ የቁልፉን ራስ በአሉሚኒየም ፎይል ደጋግማችሁ ጠቅልሉና ለማስነሳት ሞክሩ። ቺፕ ካለው ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ ፎይሉን ስታወጡ ይነሳል።

ወደ እኔ ጉዳይ ልመለስ። ያን ጊዜ ቤት ሁለተኛ ቁልፍ ነበረኝ። መካኒኩ የላከኝ ባለሙያ በሁለተኛው ቁልፍ መኪናዋን አስነስቶ፣ መሣሪያውን ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ሰክቶ፣ አዲስ ቺፕ አስመዘገበልኝ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባሁ። ያዳነኝ ሁለተኛው ቁልፍ መሆኑን ያኔ ልብ ብለው ኖሮ ሦስተኛዋን መኪና በአንድ ቁልፍ ባልተረከብኩ ነበር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልለይላችሁ፤ ቁልፍ ሠሪ ጋ ስትሄዱ የምትሰሙት ነው። የቺፕ ቁልፍ በሁለት መንገድ ይባዛል። አንደኛው መገልበጥ ነው፤ የነባሩ ቺፕ ማንነት በባዶ ቺፕ ላይ ይጻፋል፣ መኪናው ሁለቱን እንደ አንድ ቁልፍ ያያቸዋል፣ መኪናውም ላይ የሚነካ ነገር የለም። ሁለተኛው ማስመዝገብ ነው፤ የራሱ ማንነት ያለው አዲስ ቺፕ በመኪናው ማህደረ ትውስታ ውስጥ ይገባል። መገልበጥ ፈጣንና ርካሽ ነው። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ቢጠፋ የጠፋውን ለይቶ መሰረዝ አይቻልም፤ የጠፋው ሲሰረዝ በእጃችሁ ያለውም አብሮ ይሰረዛል። እኔን ከሁለቱ ምረጪ ካላችሁኝ ሁልጊዜ ማስመዝገብን ነው የምመርጠው።

ሪሞቱ የሌላ ቤት ነው። ብዙ ሰው ሪሞትና ቺፕን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ አይደሉም። አዝራሩን ስትጫኑ መልእክቱ የሚሄደው በቦርዱና በባትሪው ከሚሠራ የራሱ የሬዲዮ ማሠራጫ ነው። የሪሞቱ ባትሪ ቢሞት በሩን በብረቱ ከፍታችሁ ሞተሩን እንደወትሮው ማስነሳት ትችላላችሁ፣ ቺፑ ባትሪ አይፈልግምና። በተቃራኒው ደግሞ እንደ እኔ ቺፑ ጠፍቶ ሪሞቱ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሪሞት በየጫናችሁት ቁጥር ኮዱን ይቀይራል፤ ያ ነው ትናንት የተላከውን መልእክት ቀድቶ ዛሬ በሩን መክፈት እንዳይቻል የሚያደርገው።

የሪሞት ነገር ሰው ገንዘቡን የሚያባክንበት በአብዛኛው ድግግሞሹ፣ ማለትም የሬዲዮ ሞገዱ ፍሪኩዌንሲ፣ ላይ ነው። ለአውሮፓ የተሠሩ መኪኖች በብዛት በ433.92 ሜጋኸርዝ፣ ለሰሜን አሜሪካና ለጃፓን የተሠሩት ደግሞ በብዛት በ315 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ። ሁለቱ ቁልፎች ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። ምልክቱ፣ የአዝራሩ ቁጥር፣ ቀለሙ ሁሉ አንድ ሆኖ አንዱ ለእናንተ መኪና ደንቆሮ ነው። ጀርባው ላይ ወይም ቦርዱ ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ከአሮጌው ጋር ፊደል በፊደል ሳታመሳክሩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ባትሪው ብዙ ጊዜ ክብ የ3 ቮልት ነው። ሲአር 2032 ከሚለው ውስጥ 20 ስፋቱ በሚሊሜትር፣ 32 ደግሞ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። በ2032 ቦታ 2025 ማስገባት ይቻላል፤ ግን ስለሚሳሳ ይላላል፣ ዛሬ ሠርቶ ነገ እንቢ ይላል። ቁልፉ ውሃ ውስጥ ከወደቀ አዝራሩን ለመሞከር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ባትሪውን አውጡ፣ ቦርዱን በንጹሕ አልኮል እጠቡ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ቦርዱን የሚገድለው ውሃው ብቻ ሳይሆን ውሃው ላይ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ፣ ወደ ስማርት ቁልፉ። ይህ ከኪስ የማይወጣው ቁልፍ ነው። እጀታውን ስትነኩ መኪናው በአጭር ርቀት፣ በዝቅተኛ ድግግሞሽ «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቁልፉ በሪሞቱ ድግግሞሽ ይመልሳል፤ በሩ ይከፈታል። ውስጥ ገብታችሁ የማስነሻ አዝራሩን ስትጫኑ ጥያቄው ይደገማል፤ አሁን ግን ቁልፉ ውስጥ መሆኑም ይጣራል። እንዲህ ያለ ቁልፍ ባትሪው ሲያልቅ ሰው መኪናው የሞተ ይመስለዋል። አልሞተም። ቁልፉ ውስጥ ተሸጉጦ የሚኖር ትንሽ ብረት አለ፤ ትንሿን መጫኛ ገፍታችሁ ሳቡት። የበሩ እጀታ ላይ ቀዳዳው በሽፋን ተደብቆ ሊሆን ይችላል፤ ከሥር ፈልጉት። በብረት ስትከፍቱ ማንቂያው ሊጮህ ይችላል፤ ሞተሩ ሲነሳ ዝም ይላል። ለማስነሳት ደግሞ ባትሪ የማይፈልግ ቺፕ እዚያም ውስጥ አለ። በቶዮታና በብዙ የእስያ መኪኖች ቁልፉን የማስነሻ አዝራሩ ላይ አስጠግታችሁ ፍሬን ረግጣችሁ ትጫናላችሁ። በሌሎች መኪኖች ቦታው መሪው ዘንግ ላይ፣ ወይም በወንበሮቹ መካከል ባለው ኪስ ውስጥ ነው። የመኪናችሁ መመሪያ ይነግራችኋል፤ ገጹን ዛሬ አንብቡት፣ በጨለማ ዝናብ ሲዘንብባችሁ አይደለም።

ሁለተኛው የስማርት ቁልፍ ጉዳይ ሌብነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በስዊዘርላንድ የኢቲኤች ዙሪክ ተመራማሪዎች ከ8 አምራቾች የተውጣጡ 10 መኪኖችን ፈትነው ሁሉንም በቅብብል ከፍተው ማስነሳት እንደሚቻል አሳይተዋል። አንድ ሰው መሣሪያ ይዞ መኪናው ጎን፣ ሌላው ቁልፉ ያለበት ቤት ግድግዳ ጎን ይቆማል። የመኪናውን ጥያቄ እስከ ቁልፉ ድረስ ያደርሱታል፤ መኪናው ቁልፉ አጠገቡ ያለ ይመስለዋል። ምስጢሩ አልተሰበረም፤ ርቀቱ ነው የተሰረቀው። በኋላ የወጡ አንዳንድ ቁልፎች ሳይንቀሳቀሱ ሲቀመጡ ይተኛሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ርቀትን በትክክል የሚለካ ሬዲዮ አላቸው። የእናንተው የቆየ ከሆነ ማታ ከበሩ አጠገብ አትስቀሉት፤ ምልክት የማያሳልፍ ከረጢት ውስጥ አድርጉት፣ ከረጢቱንም እጀታውን በመንካት ፈትኑት። የኔ የመጀመሪያው ከረጢት ስድስት ወር ሠርቶ እጥፋቱ ላይ ሲበሳ አላወቅኩም ነበር።

አርብ ጠዋት ጋሼ መጡ። መታወቂያዬንና ሊብሬዬን ሳያዩ ሳጥናቸውን አልከፈቱም። ጭንቀት ላይ ስለነበርኩ ቅር አለኝ፤ አሁን ግን ማስረጃ ሳይጠይቅ የሰው መኪና ከሚከፍት ሠሪ ሽሹ እላለሁ። በሩን ያለ ጉዳት ከፈቱት፤ የሻንሲ ቁጥሩን መዘገቡ፤ የቁልፉን ትክክለኛ ሞዴል ቁጥር አገኙ። ያ ቁልፍ በእጃቸው አልነበረም፤ መታዘዝ ነበረበት።

እኔ ግን መጠበቅ ከብዶኝ ቅዳሜ ዕለት ያገለገለ ስማርት ቁልፍ ገዝቼ መጣሁ። መልኩ አንድ ነው፣ የሞዴል ቁጥሩም አንድ ነው። ጋሼ አገላብጠው አዩትና «ይሄ ሌላ መኪና አግብቷል፣ ልጄ» አሉኝ። ብዙ ስማርት ቁልፎች አንዴ ለአንድ መኪና ከተመዘገቡ በኋላ ራሳቸውን ይቆልፋሉ፤ ሌላ መኪና አይቀበላቸውም። የሚያስለቅቅ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች አሉ፣ ግን ሁሉም ዓይነት አይለቅም፣ ሥራውም ዋስትና የለውም። ያወጣሁት ገንዘብ አልተመለሰልኝም።

ማክሰኞ ቁልፉ ደረሰ። ጋሼ ከሁሉ በፊት የመኪናዋን ባትሪ ለኩ፤ አምስት ቀን ቆማ፣ በሩም ደጋግሞ ተከፍቶ ደክማ ነበር። ባትሪ መሙያ ሳያገናኙ መሣሪያቸውን አልሰኩም። ምዝገባው መሃል ላይ ኃይል ቢወርድ የሚበላሸው ቁልፉ ሳይሆን የመኪናዋ ኮምፒውተር ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ። ከዚያ መኪናዋ የምታውቃቸውን ቁልፎች ሁሉ ከማህደረ ትውስታዋ የማጥፋት ሥራ ጀመሩ። መሣሪያው 16 ደቂቃ መቁጠር ጀመረ። ምን እንደሚሠራ ጠየቅኳቸው። ምንም፣ አሉኝ፤ መጠበቅ ነው። መዘግየቱ የተደረገው ለሌባ ነው፤ መስታወት ሰብሮ የገባ ሰው ሩብ ሰዓት ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ ማስገደድ። በአንዳንድ የፎርድ መኪኖች 10 ደቂቃ ነው፤ በአንዳንድ የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ደግሞ 10 ደቂቃው ሦስት ጊዜ ይደገማል። ባለሙያው ቆሞ ሰዓቱን ሲያይ ካያችሁ ሥራ እየሠራ ነው።

ቆጠራው አልቆ አዲሱን ቁልፍ አዝራሩ ላይ ሲያስጠጉ መኪናዋ አንድ ጊዜ ጢጥ አለች። ቀጥለው ሁለተኛ አዲስ ቁልፍ አስጠጉ። ሁለት ያዘዝኩት እሳቸው ስለመከሩኝ ነው። ሁለተኛውን ለመመዝገብ የፈጀባቸው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ የሠሩበትንም የጠየቁኝ ከመጀመሪያው ጋር ሲወዳደር እዚህ ግባ የማይባል ነው። በዚያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ነው ነገሩ ሁሉ የገባኝ። ውድ የሆነው ቁልፉ አይደለም። ውድ የሆነው መኪናው አንድም የሚያውቀው ቁልፍ በሌለበት መጀመር ነው። አንድ የታወቀ ቁልፍ ካለ ለአዲሱ ዋስ ይሆነዋል።

ይህ ደንብ በየአምራቹ መልኩን ይቀይራል። በአንዳንድ የፎርድ ሞዴሎች ሁለት የተመዘገቡ ቁልፎች በእጁ ያሉት ባለቤት ሦስተኛውን ያለ ምንም መሣሪያ፣ በማስነሻው ብቻ ራሱ መመዝገብ ይችላል፤ አንድ ብቻ ካለው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጡ ብዙ የፊያት መኪኖች ቀይ ራስ ያለው ዋና ቁልፍ ነበራቸው፤ ሌሎቹን የሚያስመዘግበው እሱ ነው፣ እሱ ከጠፋ ሥራው ኮምፒውተር እስከ መቀየር ይደርስ ነበር። መርሰዲስና ቢኤምደብሊው ላይ ቁልፉ በብዛት በሻንሲ ቁጥር ታዝዞ ለዚያች መኪና ብቻ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ስለዚህ ወጪውም ጥበቃውም ከፍ ይላል፣ የባለቤትነት ማስረጃም ግድ ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙ የቁልፉን ቁጥር ከዋጋው ጋር አብራችሁ ተደራደሩ። አንድ ቁልፍ ብቻ ካለ የሁለተኛው ወጪ ከዋጋው ይቀነስ። ከተረከባችሁም በኋላ የማታውቋቸው ቁልፎች ሁሉ እንዲሰረዙ አድርጉ፤ የቀድሞው ባለቤት ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አታውቁም።

እህቴ ታሪኬን ሰምታ በማግስቱ ለራሷ ሦስተኛ ቁልፍ ልታስመዘግብ ሄደች። አንዱን ይዛ፣ አንዱን ቤት ትታ። ማታ ባሏ ቤት በቀረው ቁልፍ ሊያስነሳ ሲል መኪናው እንቢ አለ። በብዙ መኪኖች ምዝገባ ሲጀመር ነባሮቹ ሁሉ ተሰርዘው በቦታው ያሉት ብቻ እንደ አዲስ ይገባሉ። ቤት የቀረው ተሰርዟል። ሁለተኛ ቀን ሄዳ አስተካከለችው፤ ግን ሁለቴ ከፈለች። ያሏችሁን ቁልፎች በሙሉ፣ የማትጠቀሙበትን ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። ከመውጣታችሁ በፊትም እያንዳንዱን በሦስት ነገር ፈትኑ፤ ብረቱ በሩን ይከፍታል፣ ሪሞቱ ይዘጋል፣ ሞተሩ ይነሳና ሳይጠፋ ይቆያል። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁት፤ የኔዋ ሁለተኛ መኪና ሁለት ሰከንድ ሠርታ እንደነበር አትርሱ።

ስልክን ቁልፍ የሚያደርጉ መኪኖችም መጥተዋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ከቢኤምደብሊው ጋር የጀመረው አለ፤ ሌሎችም ተከትለዋል። ቁልፉን ለቤተሰብ በመልእክት መላክ፣ ሲፈለግም ከርቀት መሰረዝ ይቻላል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራና ስልኩ ቢጠፋ መኪናው ውስጥ በምን እንደምትገቡ ግን አስቀድማችሁ አጣሩ። እኔ ስልክ ቢኖረኝም በእጅ የሚያዘውን ቁልፍ አልተውም።

የጠፋውን ቁልፍ ከአራት ወር በኋላ አገኘሁት። የዝናብ ካፖርቴ ኪስ ተቀዶ ቁልፉ ወደ ገበሩ ወርዶ ነበር። ወዲያው ይዤው ወደ መኪናዋ ወረድኩ። እጀታውን ነካሁ፤ ዝም። ባትሪውን ቀየርኩለት፤ ዝም። ብረቱን ከውስጡ ሳብኩና ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩት፤ በሩ ተከፈተ። ጥርሱ ያው ነውና። ማንቂያው እየጮኸ ገብቼ ማስነሻው ላይ አስጠጋሁት፤ መኪናዋ አላወቀችውም። በማግስቱ ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር ይዤው ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ቁልፉ የዚያችው መኪና ስለነበር እንደገና ተቀበለችው። አሁን አንዱ በቦርሳዬ፣ አንዱ ቤት፣ ሦስተኛው እህቴ ጋ ነው።